ከእኔ ቤት አንዲት ጠብታ

በሩ ሲደበደብ ሚሊ ገና ከዳቦ ቤት መመለሷ ነበር። ለባሏ ቁርስ የሚሆን ፐርሰሜሎ በመቀስ እየከረከመች ነው። «ምን ዓይነት ማንኳኳት ነው ደግሞ? ቤቱን ሊያፈርሱት ነው እንዴ?» እያለች መቀሱን እንደያዘች ሄዳ ከፈተች። ደጃፉ ላይ የቆመችው ከእነሱ በታች ያለው ቤት ውስጥ የምትኖረው ልብስ ሰፊ ናት። ነጭ የሐር ጨርቅ በሁለት እጇ ዘርግታ ይዛለች። ጨርቁ መሃል ላይ መዳፍ የሚያህል ቡናማ እድፍ አለ፤ ገና አልደረቀም።

«እትዬ ሚሊ፣ ይዩት! ይዩልኝማ!» አለች ልብስ ሰፊዋ። «የሙሽራ ልብስ ነው። ማሽኑ ላይ ትቼው ክር ላመጣ ገባ ብዬ ስወጣ ከጣሪያዬ ጠብ፣ ጠብ ይልበታል!»

«ታዲያ እኔን ምን አድርጊ ትይኛለሽ? ጣሪያሽን ጠይቂው።»

«የእኔ ጣሪያ እኮ የእርስዎ ወለል ነው! ያ ኩሽናዎ ውስጥ ያለው የቅጠል እርሻ ነው የሚያፈሰው!»

እርሻ! የሚሊ ደም የፈላው በዚህች ቃል ነው። መስኮት ላይ የተደረደሩ ጥቂት ጣሳዎችንና ወገባቸው የተቆረጠ የዘይት ጀሪካኖችን እርሻ ብሎ የሚጠራ ሰው ነገር ፈላጊ እንጂ ሌላ ምን ይባላል? ደግሞም ይህችው ልብስ ሰፊ ባለፈው ሰሞን ጉንፋን ሲጥላት ከዚሁ እርሻ ናና እየተቀጠፈ ተልኮላታል። ያኔ እርሻ አልተባለም፤ ያኔ «እግዜር ይስጥልኝ» ነበር።

«ነይ ግቢ!» አለች ሚሊ። ክንዷን ይዛ እየጎተተች ኩሽና አስገባቻት። «ወለሉን ንኪው። በይ ንኪው እንጂ! ከጣሳዎቹ ሥር ሳህን አለ? አለ። ሞልቶ ፈሷል? አልፈሰሰም። በምን እንደማጠጣቸው ደግሞ ላሳይሽ።» ከመሳቢያው መርፌ የሌለው ስሪንጅ አወጣችና ልብስ ሰፊዋ አፍንጫ ሥር ደቀነችው። «በዚህ ነው! ለናናው እስከዚህ መስመር፣ ለበሶብላው እስከዚህ፣ ለሮዝመሪው ከዚህም በታች። ሕፃን ልጅ እንኳ ሽሮፕ እንዲህ ተለክቶ አይሰጠውም። ዓይኔን ግንባር ያድርገው፣ ከእኔ ቤት አንዲት ጠብታ ወደ አንቺ ቤት ወርዳ ከሆነ!»

ልብስ ሰፊዋ ጎንበስ ብላ ወለሉን በጣቷ ነካች። እውነትም ደረቅ ነው። ግራ ገባት። «ታዲያ ከሰማይ ነው የመጣው?» አለች።

«ከሰማይም ይሁን ከቧንቧ የሚመለከተውን ጠይቂ። አይጥ በበላ ዳዋ አይመታም!»

ልብስ ሰፊዋ ጨርቋን ደረቷ ላይ አጥፋ ወጣች። ደረጃው ላይ ስትደርስ «ሊቀመንበሩ ጋ ነው የምሄደው» ስትል ተሰማ። ሚሊ በሩን ዘጋችው፤ ዘጋችው ከማለት ወረወረችው ማለት ይሻላል።

ሚሊ እናት አባቷ ያወጡላት ስም አይደለም። ዕድሜ ልኳን የሠራችው ሆስፒታል ውስጥ፣ ከመድኃኒት ቤቱ መስኮት ኋላ ነው። ሽሮፕ ስትቀምም አንዲት ሚሊ ሊትር ከልኩ ካለፈች ሙሉውን ጠርሙስ ደፍታ እንደገና ትጀምራለች። በዚህ የተማረሩ የሥራ ባልደረቦቿ ናቸው ሚሊ ብለው የጠሯት። ጡረታ ስትወጣ ስሙም አብሯት ወጣ። እሷም አልከፋትም፤ ልክ የማያውቅ ሰው ይፈር እንጂ ልክ የሚያውቅ በምን ያፍራል ባይ ናት።

ባሏ የአውቶቡስ ሾፌር ነበር። ሰውነቱ ግዙፍ፣ ሳቁ ከሞተሩ ድምፅ በላይ የሚሰማ፣ ሲበላ ያየው ሰው ጠግቦ እንኳ የሚርበው ሰው ነበር። አንድ ጠዋት ጫማውን ሊያጠልቅ ጎንበስ እንዳለ ስትሮክ ጣለውና ግራ ጎኑን ይዞት ቀረ። ከሆስፒታል ሲወጣ ሐኪሙ ሚሊን ለብቻዋ ጠርቶ፣ «ጨው የሚባል ነገር ከእንግዲህ ቤትዎ አይግባ» አላት። ሚሊ ደግሞ ሐኪም ካዘዘው ፍንክች የምትል ሴት አይደለችም። የጨው ዕቃውን የዚያኑ ዕለት ደፍታ አጠበችው።

መከራው የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ባሏ የመጀመሪያዋን ማንኪያ ቀምሶ፣ «ይሄ... ካርቶን ነው» አለ በተሳሰረው አንደበቱ፤ ሳህኑንም በደህናው እጁ ገፋው። በማግስቱም ገፋው። ሸሚዙ እላዩ ላይ እየሰፋ፣ የጋብቻ ቀለበቱ ከጣቱ እየወለቀ ሄደ። ሚሊ ከገበያ ቅጠል ገዝታ ሞከረች፤ ቤት እስኪደርስ ይጠወልጋል፣ ጠረኑም መንገድ ላይ ይቀራል። በመጨረሻ ራሷ ለመትከል ተነሣች። ናናውን ብርጭቆ ውሃ ውስጥ ነክራ ሥር አስወጣችው። በሶብላውንና ፐርሰሜሎውን ከዘር አበቀለቻቸው። ጦስኙንና ሮዝመሪውን ከአንዲት የድሮ ባልደረባዋ ቅርንጫፍ ለምና አጸደቀች። የመስኮቱ ብርሃን ለሁሉም እንዲዳረስ ጠዋትና ከሰዓት እያዟዟረች አሳደገቻቸው።

አንድ ቀን የቲማቲም ሾርባ ላይ የበሶብላ ቅጠል ቀጥፋ በተነችና አቀረበችለት። ሾፌሩ አሸተተው። ተደግፎበት ከነበረው ትራስ ቀና አለ። ሾርባውን ጨርሶ ሳህኑን በዳቦ ጠረገ፣ ጣቱንም ላሰ። ሚሊ መታጠቢያ ቤት ገብታ፣ እንዳይሰማት ቧንቧውን ከፍታ አለቀሰች። ስለዚህ እነዚያ ጣሳዎች ለእሷ የመስኮት ጌጥ አይደሉም። ባሏ የሚበላው በእነሱ ነው፤ እነሱ ከተነሡ ወደ ካርቶኑ ይመለሳል፣ ካርቶን ደግሞ አይበላም።

መብላቱን በላ፤ መነሣቱን ግን እምቢ አለ። ፊዚዮቴራፒስቱ የብረት መደገፊያ አምጥቶ፣ በየቀኑ ኮሪደሩ ላይ ይራመድ ብሎ አዝዞ ነበር። ሚሊም እንደ ልማዷ ትእዛዙን በልኩ ያዘችው። ከፊቱ ሆና ወደ ኋላ እየሄደች ትቆጥርለታለች። «አንድ! ጎበዝ! ሁለት! ቀና በል እንጂ! ትናንት እኮ ከዚህ አልፈህ ነበር፤ ዛሬ ምን ነካህ?» አንድ ቀን ሾፌሩ ኮሪደሩ መሃል ላይ ቆመና ዓይን ዓይኗን አያት። «መልሺኝ» አለ። አልጋው ላይ ወጥቶ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። ከዚያ ወዲህ መደገፊያው ቁም ሣጥኑ አጠገብ ቆሞ የፎጣ መስቀያ ሆነ። «ተስፋ ቆርጧል» ትላለች ሚሊ ለጠየቃት ሁሉ።  ከእንግዲህ ቆሞ አላየውም ብላ ፈርታለች፤ ፍርሃቷን ግን ለማንም አልተናገረችም።

ሊቀመንበሩ ከልብስ ሰፊዋ ጠብ በማግስቱ መጣ። የሕንፃው ነዋሪዎች ኮሚቴ ሊቀመንበር ነው። ራሰ በራ ነው፤ የሁሉንም ቤት መጠባበቂያ ቁልፍ በአንድ ቀለበት ወገቡ ላይ አንጠልጥሎ ስለሚዞር መምጣቱ ከሩቅ ይሰማል። ኩሽና ገባና እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ ጣሳዎቹን አንድ በአንድ ገመገማቸው።

«እትዬ ሚሊ፣ ቧንቧውን አስፈትሼዋለሁ። ደህና ነው። እንግዲህ የቀረው ይሄ ነው» አለና በአገጩ ወደ መስኮቱ ጠቆመ።

«የቀረው ይሄ ስለሆነ ጥፋተኛው ይሄ ነው? የት አገር ፍርድ ነው እሱ?»

«መኖሪያ ቤት ነው እኮ እትዬ፤ ችግኝ ጣቢያ አይደለም። ቅጠል ከፈለጉ ገበያው ሞልቷል። ኮሚቴው እስከ ቅዳሜ ይነሣ ብሏል። ሳይቃጠል በቅጠል ነው ነገሩ።»

«ምን ሲደረግ!» ሚሊ ጠረጴዛውን በመዳፏ መታችው። «አንተ ቤትህ ገብተህ ጨው ያለው ትበላለህ! ና እስቲ፣ ባሌ ፊት ቁምና ንገረው! ከቅዳሜ ጀምሮ ካርቶን ትበላለህ በለው! ና!» ከእርስዎ ወደ አንተ የወረደችው ሳታስበው ነው፤ ከወረደች በኋላ ግን መውጣቱን አልፈለገችም።

ሊቀመንበሩ ወደ መኝታ ቤቱ በር ተመለከተ። አልገባም። «ቅዳሜ ጠዋት ግቢ ውስጥ ስብሰባ አለ፤ ያለዎትን እዚያ ይናገሩ» ብሎ ቁልፎቹን እያንሿሿ ወረደ። ከመኝታ ቤቱ ግድግዳው ኳ፣ ኳ ሲል ተሰማ። ባሏ ሲጠራት እንዲህ ነው።

«ምን... አሉ?» አለ ሾፌሩ።

«ቅዳሜ አንሺ አሉኝ። ጣሳዎቼን! እኔ ቆሜ እያየሁ! ወንድ ከሆኑ መጥተው ያንሷቸው!»

 የሾፌሩ ዓይን በተከፈተው በር አልፎ እስከ ኩሽናው ድረስ ሄዶ እዚያው ቆየ።

በዚያው ሳምንት ደግሞ፣ ይባስ ብሎ፣ ተክሎቹ ራሳቸው መታመም ጀመሩ። የበሶብላው ቅጠል ከታች ጀምሮ ቢጫ ሆነ። የሮዝመሪው ግንድ ጠቆረ፤ ሲነኩት ይረግፋል። ጥቃቅን ዝንቦች ከአፈሩ እየተነሡ ኩሽናውን ሞሉት። ሚሊ ጣቷን የጦስኙ ጣሳ ውስጥ ብትከት አፈሩ ጭቃ ነው። ማጠጣቱን እርግፍ አድርጋ ተወችው። በማግስቱ ከዳቦ ቤት ተመልሳ ብትነካው፣ አሁንም ጭቃ! ጭራሽ ከትናንቱ የባሰ!

መጀመሪያ አፈሩን ጠረጠረች። ቀጥሎ አየሩን ጠረጠረች። ሌሎች ምልክቶችም ነበሩ፤ እሷ ነገሬ አላለቻቸውም እንጂ። የኮሪደሩ ግድግዳ ከወገብ ከፍ ብሎ በአንድ መስመር እየጠቆረ መጥቶ ነበር። በሳሙና አሸችውና ርካሽ ቀለም የቀባውን ሰውዬ ረገመች። የባሏን የግራ ነጠላ ጫማ ደግሞ አንድ ቀን ርሶ አገኘችው። ገላውን ሳጥበው ረጭቼበት ይሆናል ብላ ፀሐይ ላይ አሰጣችው።

የቁልፉ ነገር ብልጭ ያለላት ያን ጫማ ስታሰጣ ነው። የሁሉም ቤት ቁልፍ ወገቡ ላይ ያለው ማነው? ጣሳዎቹ ይነሡ ብሎ የፈረደው ማነው? እሷ ዳቦ ልትገዛ፣ መድኃኒት ልታመጣ በወጣች ቁጥር እየገባ ውሃ ይደፋባቸዋል! ተክሎቹ እንዲሞቱ፣ ወለሉ እንዲያፈስ፣ እሷም ሐሰተኛ እንድትባል! ያልጠረጠረ ተመነጠረ ይባል የለ? የተናደደ ሰው አእምሮ ሩጫ ይችላል፤ ወዴት እንደሚሮጥ ግን አይጠይቅም። ሚሊ ተንደርድራ ባሏ አልጋ ዘንድ ደረሰች።

«ሰው ቤታችን እየገባ ነው!» አለችው። «መውጣቴን ጠብቆ እየገባ ተክሎቼን በውሃ እያሰጠማቸው ነው! አንተስ እዚህ ተኝተህ እንዴት ኮቴ አትሰማም?»

የሾፌሩ ፊት ወደ ግድግዳው ነው። ትከሻው ትንሽ ተንቀሳቀሰ። «አል... ሰማሁም» አለ። ቆየት ብሎ ደግሞ፣ «ምናልባት... ጠምቷቸው... ይሆናል» አለ።

«ማንን? ተክሎቹን? የእኔን ተክሎች ነው የሚጠማቸው? በልካቸው እያጠጣኋቸው!»

«ልክ...» ብሎ ጀመረና ተወው። ብርድ ልብሱን እስከ ጆሮው ሳበ። ሚሊ በሽታው የባሰበት መስሏት ግንባሩን በእጇ ጀርባ ለካች።

ቅዳሜ ጠዋት ግቢው በሰው ሞላ። ከየቤቱ ወንበር ወጥቶ ልብስ ማስጫው አጠገብ፣ ልክ ከሚሊ ኩሽና መስኮት ሥር ተደርድሯል። ልብስ ሰፊዋ እድፋሙን ሐር ጭኗ ላይ አስቀምጣ ከፊት ተቀምጣለች። ሊቀመንበሩ ከመሃል ቆሟል፤ ቁልፎቹም ወገቡ ላይ ናቸው። ሚሊ ዝንቦቹ እንዲወጡ የኩሽናውን መስኮት ወለል አድርጋ ከፈተች። ባሏን «ዛሬ ወይ እነሱ ወይ እኔ!» አለችው። ከዚያም የሞተውን ሮዝመሪ ከነጣሳው ታቅፋ ወረደች።

«እንግዲህ ዛሬ የተሰበሰብነው...» ብሎ ሊቀመንበሩ ገና ሲጀምር ሚሊ መሃል ገባች።

«የተሰበሰብነው ለሬሳ ነው!» አለችና ሮዝመሪውን ከፍ አድርጋ አሳየች። አንዳንዱ ሰው ሳቀ። «ሳቁ! ሳቁ እንጂ! ይህ ተክል የሞተው በውሃ ብዛት ነው። እኔ ደግሞ ሰሞኑን ጠብታ አልሰጠሁትም። ታዲያ ማን ሰጠው? ቤቴ ይቆለፋል። አንዱ ቁልፍ እኔ ጋ ነው። ሌላው...» ጣቷን ወደ ሊቀመንበሩ ወገብ ቀሰረች። «እዚያ ነው!»

ጉድ ፈላ። ሰው ሁሉ በአንዴ ማውራት ጀመረ። የሊቀመንበሩ ራሰ በራ ከግንባሩ እስከ ማጅራቱ ቀላ።

«እኔ? እኔ ነኝ ሰው ቤት በስርቆት ገብቼ ቅጠል የማጠጣው? እትዬ ሚሊ፣ ዕድሜዎን አከብራለሁ። ግን የአብዬን እከክ ወደ እምዬ ልክክ አይቻልም!»

«አንተ ካልሆንክ ይህችን ልከሃታል!» አለች ሚሊ ወደ ልብስ ሰፊዋ ዞራ።

ልብስ ሰፊዋ ተነሣች። ጨርቁ ከጭኗ ሊወድቅ ሲል ቀለበችው።

«እኔን?» አለች። «የገዛ ጣሪያዬን ላፈርስ? በገዛ እጄ የሰፋሁትን ላበላሽ? ሙሽራዋ ትናንት መጥታ ይህን ስታይ ምን እንዳለችኝ ያውቃሉ? ምንም አላለችኝም። ቆማ አልቅሳ ሄደች። እትዬ ሚሊ፣ እኔ ናናዎን ጠጥቼ የዳንኩ ሰው ነኝ፤ ጠላትዎ አይደለሁም። ጣሳዎቹም ቢቀመጡ ግድ የለኝም። የፈለግሁት አንዲት ቃል ነው። ይቅርታ፣ ከእኔ ቤት ነው ይበሉኝ። በቃ።»

 እውነቱን ለመናገር፣ የሚሊም ልብ ደንገጥ ብሎ ነበር። ግን እንዲያ ተናድዳ ደረጃ ሙሉ እየተናገረች ወርዳ፣ በሰው ሁሉ ፊት ሬሳ ከፍ አድርጋ አሳይታ፣ አሁን እንዴት ብላ ትመለሳለች? አንገቷን ቀና አደረገች።

«ከእኔ ቤት አይደለም! ስንቴ ልማል? ዓይኔን ግንባር ያድርገው፣ ከእኔ ቤት አንዲት ጠብታ...»

ቃሏን ሳትጨርስ የሊቀመንበሩ ራሰ በራ ላይ ጠብ አለ። ሊቀመንበሩ በእጁ ዳበሰውና ሰማዩን አየ፤ ደመና የሚባል የለም። ሌላ ጠብታ ደገመው። ከዚያ ቀጭን ውሃ፣ ቡናማና አፈር አፈር የሚሸት፣ ኮሌታው ውስጥ ገባ። ሰው ሁሉ ወደ ላይ አንጋጠጠ።

በተከፈተው የኩሽና መስኮት፣ ከናናው ኋላ፣ ፒጃማ የለበሰ ግዙፍ ሰው ቆሟል። ሆዱን የዕቃ ማጠቢያው ጠርዝ ላይ አስደግፎ በቀኝ እጁ የሻይ ማንቆርቆሪያ ይዟል። እጁ ስለሚንቀጠቀጥ ውሃው ጥቂቱ ጣሳ ውስጥ ይገባል፣ ሌላው ከዕቃ ማጠቢያው ቁም ሣጥን ኋላ በግድግዳው ተንሸራቶ ይወርዳል፣ የቀረውም ወደ ውጭ ይረጫል። ታች የተሰበሰበውን ሰው አላየም። ልቡ ሥራው ላይ ነው፤ አንዱን ጣሳ ጨርሶ ወደሚቀጥለው ይሄዳል።

ሊቀመንበሩ «ይኸው! ይኸውላችሁ...» ብሎ ሊጮህ ሲል ልብስ ሰፊዋ ክንዱን ያዝ አደረገችው።

«እትዬ ሚሊ» አለች ቀስ ብላ። «ባለቤትዎ አይደሉም እንዴ? እዚያ የቆሙት?»

የሮዝመሪው ጣሳ ከሚሊ እጅ ወደቀ።

ደረጃውን እንዴት እንደወጣችው አታውቅም። የቤቷን በር ሳትዘጋ ገብታ ኩሽናው ደጃፍ ላይ ቆመች። ደስታዋ ይቀድማል ብሎ የሚያስብ ካለ ሚሊን አያውቃትም።

«አንተ!» አለች። «አንተ ውሸታም! እኔ ስወጣ ትነሣለህ፣ እኔ ስገባ ትተኛለህ! ሰው ፊት አዋረድከኝ! የሰው ሙሽራ አስለቀስክ! ያን ምስኪን ሰውዬ በሐሰት አስከሰስከኝ! ብትወድቅስ? ጭንቅላትህ ቢመታስ? ከመቼ ጀምሮ ነው? ስንት ቀን ሆነህ? ስንት...»

«አትቁጠሪ!»

ድምፁ የድሮው ነበር፤ አውቶቡሱ ውስጥ እስከ ኋለኛው ወንበር ይሰማ የነበረው። ማንቆርቆሪያውን አስቀመጠ። ከንፈሩ ግማሹ ብቻ ነው የሚታዘዝለት፣ ቁጣው ግን ሙሉ ነበር።

«እኔ... ሽሮፕ ነኝ? በመስመር... የምለካ? አንድ ስራመድ... ሁለት የታለ። ሁለት ስራመድ... ትናንት የታለ። የጎደለኝን ሁሉ... ቆጥረሽ ነገርሽኝ።» በአገጩ ጣሳዎቹን አሳያት። «እነዚህም... ጠብ፣ ጠብ። በስሪንጅ። መኪና... በስሪንጅ ነው... ውሃ የሚጠጣ? አሳዘኑኝ። እንደ እኔ... ናቸው።» ትንፋሹን ሰበሰበ። «ዛሬ ይወስዷቸዋል... አልሽ። ረጅም መንገድ... ከመውጣት በፊት... ራዲያተር ይሞላል።»

ሚሊ ማንቆርቆሪያውን አየች፣ ጣሳዎቹን አየች።  ተቆጥታለች፤ እንዲህ መታለሏ አንገብግቧታል። አፍራለችም፤ በእሷ ልክ ስንቱን እንዳስጠማች አሁን ነው የገባት። ግን ባሏ ቆሟል። የብረቱ መደገፊያ እንኳ አጠገቡ የለም፤ መኝታ ቤት ፎጣ ተሰቅሎበት ነው ያለው። ልትይዘው እጇን ዘረጋች።

«ተይኝ» አለ። «ዞር በይ። ወደ... ግድግዳው።»

«ብትወድቅስ?»

«ዞር በይ።»

ሚሊ ዞረች። ግንባሯን የኮሪደሩ ግድግዳ ላይ አስደገፈች። በሳሙና ያሸችው ጥቁር መስመር ልክ ዓይኗ ሥር ነው፤ ቀረብ ብሎ ሲታይ መስመር አይደለም፣ የጣቶች ምልክት ነው። ከኋላዋ እግር ሲሳብ ሰማች። ከዚያ ትንፋሽ። ከዚያ እግር እንደገና ተሳበ። ከንፈሯ «አንድ» ሊል ተንቀሳቀሰ። ደጃፉ አጠገብ ካለው ጠረጴዛ ላይ ጠዋት ለቁርሱ የከረከመችውን ፐርሰሜሎ በእፍኟ አነሣችና አፏ ውስጥ ጎሰረችው። እየመረራት አላመጠችው። እንባዋ አገጯ ላይ ደርሷል፤ አልጠረገችውም።

በተከፈተው በር ልብስ ሰፊዋ ገብታ ነበር። ከእሷ ኋላ ሊቀመንበሩ ራሱን በመሐረብ እየጠረገ ቆሟል፤ ደረጃው ላይም ጎረቤቱ ተደርድሯል። ሾፌሩ ግድግዳውን ይዞ፣ ግራ እግሩን እየጎተተ፣ በሚስቱ ጀርባ አልፎ ወደ መኝታ ቤቱ ሄደ።  አልጋው ሲጢጥ ሲል ሊቀመንበሩ፣ «ከሥሩ ሰፋ ያለ ትሪ ቢደረግበት እኮ...» ብሎ አጉተመተመና ቁልፎቹ እንዳይጮኹ በእጁ ያዛቸው።

ሚሊ ፐርሰሜሎውን ዋጠች። ፊቷን ግን ከግድግዳው አላነሣችም።

«አንቺ ልጅ፣ አለሽ?»

«አለሁ እትዬ።»

«ጨርቁን አምጪው። እድፉን እኔው አስለቅቀዋለሁ። እምቢ ካለ የእኔ የሠርግ ልብስ ሣጥን ውስጥ አለ፤ ሐር ነው፤ ቅደጂውና ለልጅቷ ስፊላት።»

«ኧረ እትዬ...»

«ዝም በይ፣ አልጨረስኩም።» ሚሊ ዞረች። ፊቷ ርሷል፣ ጥርሷ ላይ አረንጓዴ ቅጠል ተለጥፏል። ደረጃው ላይ እስከ ታች የቆመው ሁሉ እንዲሰማት ድምጿን ከፍ አደረገች። «ስሙኝ ሁላችሁም! ይቅርታ! ውሃው ከእኔ ቤት ነው! ከእኔ ቤት ነው የወረደው! ያፈሰሰው ደግሞ ባሌ ነው፤ ቆሞ!»